ጉዱ ካሣ ምን ዓይነት ሰው ነው? ገጸ ባሕርያትን በሶሺዮኒክስ ስለመመደብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የ"ፍቅር እስከ መቃብር"ን ጉዱ ካሣ የማያውቅ የአማርኛ አንባቢ ማግኘት ይከብዳል። ሁላችንም እንወደዋለን። ግን ሁለት ሰዎች ስለሱ ሲያወሩ ብትሰሙ ስለ ሁለት የተለያዩ ሰዎች የሚያወሩ ይመስላችኋል። አንዱ ፈላስፋ ይለዋል። ሌላው አብዮተኛ ነው ይላል። ሶሺዮኒክስ እኔን የማረከኝ እንዲህ ያለውን ክርክር ከ"ይመስለኛል" አውጥቶ ወደ መጽሐፉ ገጽ ስለሚመልሰው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ብዙ ጊዜ የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ናቸው።

ሶሺዮኒክስ ምንድን ነው?

ሰው ከዙሪያው የሚመጣለትን መረጃ እንዴት እንደሚቀበልና እንዴት እንደሚያብላላው ለመግለጽ የሚሞክር የሰብዕና ትምህርት ነው። የተወለደው በሊትዌኒያ ነው፤ አገሪቱ ያኔ በሶቪየት ኅብረት ሥር ነበረች። ጀማሪዋ አውሽራ አውጉስቲናቪቹቴ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1927 ተወልዳ በ2005 አረፈች። ሐሳቡን ማዳበር የጀመረችው በ1970ዎቹ ነው። መነሻዋ ካርል ዩንግ በ1921 ስለ ሥነ ልቦና ዓይነቶች ያሳተመው መጽሐፍ ነበር። ከፖላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ከአንቶኒ ኬምፒንስኪ ደግሞ አንድ ሐሳብ ወሰደች፦ ሆድ እህል እንደሚፈጭ ሁሉ አእምሮም መረጃ ይፈጫል።

ሁሉም ሆድ ሁሉንም እህል እኩል አይፈጭም። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

መረጃው በስምንት ይከፈላል። በራሴ አማርኛ ላስቀምጠው። አንዱ ገና ያልታየ ዕድልን ማሽተት ነው፤ "ይሄ ነገር ምን ሊሆን ይችላል?" የሚል ዓይን። ሌላው ጊዜን ማድመጥ ነው፤ ነገሩ ወዴት እያመራ እንደሆነ አስቀድሞ መስማት። ሦስተኛው ጉልበት ነው፦ ማን ኃይለኛ ነው፣ ማን ገፍቶ ይገባል፣ ማን ያፈገፍጋል። አራተኛው ምቾት ነው፦ ጣዕም፣ ሙቀት፣ ድካም፣ የሰውነት ስሜት። አምስተኛው ሥራና ጥቅም ነው፤ "ይሠራል ወይስ አይሠራም?" የሚለው። ስድስተኛው ሥርዓትና መዋቅር ነው፤ ምን ከምን በላይ እንደሚቀመጥና ለምን። ሰባተኛው በግልጽ የሚወጣ ስሜት ነው፤ ሳቁ፣ ለቅሶው፣ የቤቱ ድባብ። ስምንተኛው በሁለት ሰዎች መካከል ያለው ቅርበትና ርቀት ነው።

ስምንቱም ሁላችንም ጋ አሉ። ልዩነቱ የትኛው ከፊት፣ የትኛው ከኋላ እንደተቀመጠ ነው። አውሽራ የሠራችው "ሞዴል ኤ" የሚባል ንድፍ ስምንት ቦታዎች አሉት። ለጀማሪ አራቱ ይበቃሉ። አንደኛው ቦታ መሪው ነው፤ ሰውየው ሳያስብበት የሚኖርበት። ሁለተኛው የመሪው እጅ ነው፤ መሪው የፈለገውን የሚሠራበት። አራተኛው ስስ ብልቱ ነው፤ እዚያ ሲነኩት ያመዋል። አምስተኛው የተራበው ቦታ ነው። ራሱ አይችልበትም፣ ሌላ ሰው ሲሰጠው ግን ፊቱ ይፈካል።

ስምንት መሪዎች አሉ። እያንዳንዱ መሪ ሁለት ዓይነት እጅ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ዓይነቶቹ 16 ናቸው።

"የሴኒን ነው"፣ "ዡኮቭ ነች" ሲባል እሰማለሁ። እነዚህ ስሞች ምንድን ናቸው?

ዓይነቶቹ ቅጽል ስም አላቸው። ዶን ኪሆቴ፣ ዱማ፣ ሁጎ፣ ሮብስፒዬር፣ ሐምሌት፣ ጎርኪ፣ ዡኮቭ፣ የሴኒን፣ ናፖሊዮን፣ ባልዛክ፣ ጃክ ለንደን፣ ድራይዘር፣ ሽቲርሊትስ፣ ዶስቶየቭስኪ፣ ሀክስሊ እና ጋባን። አብዛኞቹ በሕይወት የነበሩ ሰዎች ናቸው። ሦስቱ ግን ከልብ ወለድ የመጡ ናቸው፦ ዶን ኪሆቴ፣ ሐምሌትና ሽቲርሊትስ። ገጸ ባሕርያትን መመደብ ለሶሺዮኒክስ እንግዳ አይደለም ማለት ነው። ከመጀመሪያውም ቤቱ ውስጥ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ስሙ መለያ ነው፣ ማስረጃ አይደለም። ሽቲርሊትስን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1973 በሶቪየት ቴሌቪዥን በታየ ተከታታይ ፊልም የታወቀ ሰላይ ነው። በናዚ መኮንኖች መካከል ራሱን ደብቆ ይኖራል። የምናየው ጸጥታው፣ ሥራ ወዳድነቱና ንጹሕ ልብሱ ከፊሉ ጭምብል ነው። ሰላይን በሚያሳየው ነገር ብቻ መመደብ አደገኛ ነው። "ሽቲርሊትስ የሚባለው ዓይነት" እና "ሽቲርሊትስ የሚባለው ሰውዬ" ሁለት ጉዳዮች ናቸው።

ከኤምቢቲአይ ጋር አንድ ነው?

አይደለም። የሁለቱም አያት ዩንግ ነው። ኤምቢቲአይን፣ ሰውን በአራት ፊደላት የሚመድበውን የሰብዕና መጠይቅ፣ አሜሪካ ውስጥ ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ ሠሩት። ሶሺዮኒክስ በሌላ አገር፣ በሌላ መንገድ አደገ። አራቱን ፊደላት ከአንዱ ወደ ሌላው መገልበጥ በተለይ ዝምተኞቹ ዓይነቶች ላይ ያሳስታል፤ የመጨረሻው ፊደል በሁለቱ ዘንድ የሚቆጠረው በተለያየ መንገድ ነው። ኤምቢቲአይ ላይ ያገኛችሁትን ውጤት ለጊዜው እዚያው ተዉትና እዚህ ከዜሮ ጀምሩ።

ትልቁ ልዩነት ግን ሌላ ነው። ሶሺዮኒክስ ዋና ትኩረቱ በሰዎች መካከል ያለው ነገር ነው። የየትኛውም ሁለት ዓይነቶች ግንኙነት ስም አለው፤ ስሞቹ 14 ናቸው። ልብ ወለድ ደግሞ የሰዎች ግንኙነት ነው። ለዚህ ነው ለአንባቢ የሚመቸው።

ከየት ልጀምር?

ገጸ ባሕርዩ ሳይጠየቅ ምን እንደሚያይ ፈልጉ።

ሠርግ ቤት የገቡ አራት ሰዎችን አስቡ። አንዱ ገና ከመቀመጡ ወጡ ጨው እንዳነሰው ያውቃል፤ በሩ አጠገብ ብርድ እንደሚገባም ነግሯችኋል። አንዷ ሙሽራዋና አማቷ ዓይን ለዓይን እንዳልተያዩ አይታለች። ሦስተኛው ከሽማግሌዎቹ ማን ከማን በላይ መቀመጥ እንደነበረበት እያሰላ ነው። አራተኛው ድንኳኑን እያየ "ይሄ ቦታ እኮ ጥሩ የአትክልት ችግኝ ጣቢያ ይወጣዋል" ይላል። ማንም አልጠየቃቸውም። መሪው ቦታ እንዲህ ነው የሚገለጠው።

ከዚያ ስስ ብልቱን ፈልጉ። ይሄ ከመሪው ይልቅ ቶሎ ያጋልጣል። ጎበዝ የተባለ ሰው በየትኛው ነገር ላይ ሲነኩት ይንተባተባል? ወይም ያለ ልክ ይቆጣል? ደራሲው ያንን ቦታ ብዙ ጊዜ ሳያውቀው ይነግራችኋል።

የማይረዱ ነገሮችም አሉ። ሙያ አይረዳም፤ ወታደር ሁሉ ዡኮቭ አይደለም፣ ግጥም የጻፈ ሁሉ የሴኒን አይደለም። ደግነትና ክፋትም አይረዱም። በየትኛውም ዓይነት ውስጥ ደግም ክፉም ሰው አለ። ጀማሪዎች ከሁሉ በላይ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ጨካኙን ሁሉ "ጉልበት" ውስጥ፣ ደጉን ሁሉ "ቅርበት" ውስጥ ይከቱታል።

አንድ ምሳሌ በደንብ አሳዩኝ።

ፈረሰኛ ነኝ የሚለውን ዶን ኪሆቴንና አሽከሩን ሳንቾ ፓንዛን እንውሰድ። የነፋስ ወፍጮዎቹን ግጥሚያ ሁሉም ያስታውሰዋል። ሜዳው ላይ ሠላሳ ወይም አርባ ወፍጮ ቆሟል። ለዶን ኪሆቴ ግን ክንዳቸው የረዘመ ግዙፋን ናቸው። ሳንቾ ወፍጮዎች መሆናቸውን እየነገረው ፈረሱን ኮልኩሎ ገባ። የወፍጮው ክንፍ ጦሩን ሰባብሮ እሱንም ፈረሱንም ሜዳው ላይ አሽቀነጠራቸው።

ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። እኔ እንድታነቡት የምፈልገው ከዚያ በኋላ ያለውን ግማሽ ገጽ ነው። ሁለቱ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሳንቾ ጌታው ኮርቻው ላይ ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉን አየ። ቀና እንዲል ነገረው፤ ከውድቀቱ የመጣ ሕመም መሆን አለበት አለ። ዶን ኪሆቴ ፈረሰኛ አንጀቱ ቢዘረገፍ እንኳ ስለ ቁስሉ እንዲያማርር እንደማይፈቀድለት መለሰ። ሳንቾ በበኩሉ ትንሽም ቢያመው እንደሚጮህ ተናገረ። ጌታው ሳቀ። ቀጥሎ የምሳ ሰዓት መድረሱን ያስታወሰው ሳንቾ ነው። ዶን ኪሆቴ ለጊዜው እንደማይርበው ነግሮ ሳንቾን እንዲበላ ፈቀደለት። ሳንቾ አህያው ላይ ተደላድሎ ከስልቻው እያወጣ በላ፣ ከወይን አቅማዳው ተጎነጨ። ሌሊቱን ዶን ኪሆቴ የልቡን እመቤት ዱልሲኒያን እያሰበ ዓይኑን ሳይከድን አደረ። ሳንቾ ሆዱ ሞልቶ ነበር፤ ለጥ ብሎ ተኛ።

አሁን ቦታዎቹን አስቀምጡ። ዶን ኪሆቴ ያለውን ትቶ ሊሆን የሚችለውን ያያል። መሪው ዕድልን ማሽተት ነው። እጁ ሥርዓት ነው፤ የፈረሰኞችን ሕግ አንድ በአንድ ያውቃል፣ ለመራቡም ለመታመሙም ሕግ ይጠቅሳል። የተራበው ቦታ ደግሞ ምቾት ነው። ጎኑ እንደተጎዳ ራሱ አያውቅም። የሚያይለት ሌላ ሰው ነው።

ያ ሌላ ሰው መሪው ምቾት ነው። እኔ ሳንቾን ዱማ ከሚባለው ዓይነት እመድበዋለሁ። የዱማ የተራበ ቦታ ምንድን ነው? ገና ያልታየ ዕድል። አንድ ገበሬ ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ከተቀጠቀጠ ሽማግሌ ጋር የወጣው ደሴት እንዲያስተዳድር ቃል ስለተገባለት ነው። እንዲህ አንዱ የሌላውን የተራበ ቦታ ሲሞላ ሶሺዮኒክስ "ዱዋል" ይለዋል። እኔ ማሟያ እለዋለሁ። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ይጨቃጨቃሉ። ግን አይለያዩም።

ሐምሌት እንደዚያ የሚያስብ ሰው ሆኖ እንዴት ከስሜት ወገን ተመደበ?

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። ሐምሌትን በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ያነበባችሁም ሆነ በእንግሊዝኛ፣ የሚቀረው ነገር "የሚያመነታ አሳቢ" የሚል ነው። ግን አጎቱ ንጉሡ አባቱን መግደሉን ለማረጋገጥ ያደረገውን እዩ። ምስክር አልፈለገም። ተዋንያን ጠራ። ግድያውን የሚመስል ትርኢት አዘጋጀ፣ የንጉሡን ፊት ተከታተለ። ተዋንያኑን እንዴት እንደሚናገሩ ሳይቀር አስተማረ። እብደትን ራሱ እንደ ልብስ ለበሰው። ይሄ የሰውን ስሜት እንደ ክራር የሚቃኝ ሰው ነው። መሪው በግልጽ የሚወጣ ስሜት፣ እጁ ጊዜን ማድመጥ ነው። የተራበው ቦታ ደግሞ ሥርዓት ነው። ወዳጁን ሆሬሾን ለምን እንደሚያደንቀው ራሱ ይናገራል፦ የስሜት ባሪያ ስላልሆነ።

አሳቢነት ዓይነት አይደለም። ሰው የሚያስበው በያዘው ነገር ነው።

እሺ፣ ጉዱ ካሣስ?

መጀመሪያ ሁሉም የሚለው "ሐምሌት ነው" ነው። እብድ ተብሏላ! ንግግሩ ያቃጥላል፣ ሰው ይከበዋል፣ መጨረሻው ያሳዝናል። እኔም ለዓመታት እንዲያ ነበር የምለው።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ አንድ ነገር ነው። ሐምሌት እብደቱን ራሱ ለበሰው። ካሣን ግን እብድ ያለው አገሩ ነው። "ጉዱ" የሚለውን ስም የሰጠው ሌላ ሰው ነው። እሱ የሚናገረው የመሰለውን ነው፤ ፊት ለማንበብ ብሎ የሚያዘጋጀው ትርኢት የለውም። ንግግሩ የቤቱን ድባብ እንዳበላሸ ቢያይም ለድባቡ ሲል ቃል አይመልስም። መሪው ስሜት የሆነ ሰው እንዲህ አያደርግም። አዳራሹን ያጣ ሐምሌት አዳራሹን መልሶ ለመያዝ ይሞክራል።

ታዲያ ምን ያያል? ሳይጠየቅ የሚያየው መዋቅሩን ነው። ከአንድ ሰው በደል ይነሳና ወዲያው ወደ ሥርዓቱ ይሄዳል። ፊታውራሪ መሸሻ ለምን ክፉ ሆኑ አይልም። ሰው በመወለዱ ብቻ ከሰው በላይ የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው ይላል። ልማዱ ከየት መጣ፣ በምን ይቆማል፣ ቢነሳ ምን ይተካዋል? መሪው ሥርዓት፣ እጁ ዕድልን ማሽተት። ይሄ ሮብስፒዬር የሚባለው ዓይነት ነው።

ስስ ብልቱንም ፈትሹት። የሮብስፒዬር ስስ ብልት ጉልበት ነው። ባላገሩ ግብር አንሰጥም ብሎ ሲነሳ ጦር ይዞ የመራው ማን ነው? አበጀ በለው ነው። ካሣ አይደለም። ከሁሉ በፊት ሥርዓቱን በቃል ያፈረሰው ካሣ ነበር፤ በክንድ ያፈረሰው ግን ሌላ ሰው ነው። አንዳንዶች ይሄን ድክመት አድርገው ያነቡታል። እኔ ግን በጣም ትክክለኛ ሰው ሆኖ ነው የሚታየኝ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ሶሺዮኒክስ የሚባል ቃል የለም፣ ሊኖርም አይችልም። ሰውን በደንብ ስላዩ ግን ሁሉም ነገር ቦታው ላይ ተቀምጧል።

ፊታውራሪ መሸሻን ዡኮቭ ላይ አስቀምጣለሁ። መሪያቸው ጉልበት፣ እጃቸው ሥርዓት። ለልጃቸው የመጣውን ሁሉ በዘር ሚዛን ይመዝናሉ፤ ባላገር ሲያምፅ ወዲያው ይዘምታሉ። አሁን ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጉ። የፊታውራሪ መሪ ቦታ የካሣ ስስ ብልት ላይ ይወድቃል። ሶሺዮኒክስ ይሄን የቁጥጥር ግንኙነት ይለዋል፤ አንዱ ሳያስብበት ሌላውን የሚያመው ቦታ ላይ ይረግጠዋል። በዚያ ላይ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ሥርዓት ነው። አንዱ ሥርዓቱን በጉልበት ያስከብራል፣ ሌላው ሥርዓቱ ራሱ ልክ መሆኑን ይጠይቃል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ያሉበትን ትዕይንት በዚህ ዓይን መልሳችሁ አንብቡት። ሌላ መጽሐፍ ይሆናል።

ፊታውራሪን ጎርኪ ነው የሚል ካለ አልጣላም። ሥርዓት መሪ፣ ጉልበት እጅ። የዘር ቆጠራቸው ለዚህም ያደላል። እኔን ወደ ዡኮቭ የሳበኝ ቁጣቸው ከሕጉ የሚቀድም መሆኑ ነው።

በዛብህና ሰብለ ወንጌልስ? ማሟያ ናቸው?

ብዙ ሰው "አዎ" እንድል ይፈልጋል። አይመስለኝም።

በዛብህ ላይ አንድ ስህተት ሠርቼ ነበር። መጀመሪያ ሳነበው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በጣም ወደድኩት። ስለዚህ የራሴን ዓይነት ሰጠሁት፤ የሴኒን አልኩት። ሕልመኛ፣ ዕጣውን የሚሰማ፣ ስሜቱ ፊቱ ላይ ያለ። ከዓመታት በኋላ እርሳስ ይዤ መልሼ አነበብኩት። የሚያሠቃየውን ነገር በቀረበ ቁጥር ጠርዙ ላይ ምልክት አደረግሁ። "ምን ይመጣብኝ ይሆን" የሚለው ከጠበቅሁት ያነሰ ነበር። የበዛው "ማንን ከዳሁ" የሚለው ነው። ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር ተስለውታል። ያንን ስለት ይዞ ነው ያደገው። አሁን በሰው ቤት እንጀራ እየበላ፣ ሊያስተምራት የተሰጠችውን ልጅ ወደደ። እያንዳንዱ ሕመሙ የአንድ ግንኙነት ሕመም ነው፤ ከአምላኩ፣ ከወላጆቹ፣ ከአሳዳሪዎቹ ጋር ያለው። መሪው ቅርበትና ርቀት ነው። ዶስቶየቭስኪ የሚባለው ዓይነት።

ሰብለም መሪዋ እዚያው ነው። እጇ ግን ይለያል። የእሱ እጅ ዕድልን ማሽተት ነው፣ የእሷ ጉልበት ነው። ያቺ የባላባት ልጅ የአባቷን ቤት ትታ፣ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ፣ ያንን ሁሉ አገር በእግሯ አቋርጣ ፍለጋ ወጣች። ድራይዘር ነው የምላት። ከበዛብህ ጋር መሪያቸው አንድ፣ እጃቸው ልዩ ነው። ይሄ የዝምድና ግንኙነት ይባላል። ቶሎ ይግባባሉ፤ ምን እንደሚያም ሁለቱም ያውቃሉ። ግን የአንዱን የተራበ ቦታ ሌላው አይሞላውም። ፍቅራቸው ከማሟያ ፍቅር ያንሳል ማለት አይደለም። ይሄን የሚል ሶሺዮኒክስ ካጋጠማችሁ አትቀበሉት።

ሼርሎክ ሆምስ ላይ ሰው ለምን አይስማማም?

ምክንያቱም የምናየው በዋትሰን ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ የወጡት 4 ረጃጅምና 56 አጫጭር ታሪኮች ከጥቂቶቹ በቀር የሚተረኩት በዋትሰን ነው። ዋትሰን ደግሞ በጓደኛው የተደነቀ ሰው ነው። የሚያስደንቀውን ይጽፋል።

ብዙዎች ሮብስፒዬር ይሉታል፣ ለሎጂኩ ሲሉ። እኔ ባልዛክ ነው የምለው፦ መሪው ጊዜን ማድመጥ፣ እጁ ሥራና ጥቅም። በመጀመሪያው ታሪክ ውስጥ ሆምስ ምድር በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር አያውቅም ነበር። ዋትሰን ሲነግረው ልርሳው አለ፤ ለሥራዬ ምን ይረባኛል በሚል። መሪው ሥርዓት የሆነ ሰው የዓለምን መዋቅር እንዲህ በቀላሉ አይጥልም። "ይሠራል ወይስ አይሠራም?" የሚለው ሚዛን ነው እዚህ ያለው። ደግሞ ጉዳይ ሲጠፋ ቀናት ሙሉ ሶፋ ላይ ይጋደማል። ከውጭ የሚገፋው ጉልበት ይርበዋል፤ ይሄ የባልዛክ የተራበ ቦታ ነው።

ሁሉም ገጸ ባሕርይ ይመደባል?

አይመደብም። አለቃ ገብረ ሃናን ለመመደብ የሚሞክሩ ሰዎች አሉ። አለቃ በእርግጥ የኖሩ ሊቅ ናቸው። በስማቸው የሚነገሩት ቀልዶች ግን በብዙ አፍ ያለፉ ናቸው፤ ያልተናገሩትም ተጨምሮባቸዋል። መቶ ሰው የሠራውን ሰው በአንድ ዓይነት ማሰር አይቻልም። የተረት ጦጣና ጅብም እንዲያው ናቸው። በአንድ ትዕይንት ብቅ ብሎ የሚጠፋ ሰውም አይበቃም።

ፊልሙንና መጽሐፉን አንድ ላይ ልይ?

ለየብቻ። ተዋናዩ የራሱን ፊትና ድምፅ ያመጣል። አንዳንዴ ሌላ ዓይነት ሰው ሆኖ ይወጣል።

ሳይንስ ነው?

ዋናው የሥነ ልቦና ሳይንስ አልተቀበለውም። ማንነትን በ16 ሳጥን ለመክፈል በቂ ማረጋገጫ የለውም። ስለዚህ ለሥራ ቅጥር፣ ለትዳር፣ ለሕክምና አትጠቀሙበት። "ዓይነታችን አይገጥምም" ብሎ እጮኛውን የተወ ሰው አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ገጸ ባሕርይ ግን አይጎዳም። ብትሳሳቱ መልሳችሁ ታነባላችሁ። ይሄ ትምህርት ጥሩ ሥራ የሚሠራው እዚህ ነው ብዬ በሙሉ ልቤ የማምነውም ለዚህ ነው።

ከጓደኛዬ ጋር ካልተስማማንስ?

እያንዳንዳችሁ ሦስት ትዕይንት አምጡ። "እሱ እኮ እንዲህ ዓይነት ሰው ነው" ማለት አይፈቀድ። ገጹን ገልጦ ማንበብ ብቻ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከሦስት ወዳጆቼ ጋር ስለ ሰብለ እንዲህ ተከራከርን። ቡናው ሦስተኛ ደርሶ አልተስማማንም። አንዷ ግን እኔ አራት ጊዜ አንብቤ ያላየሁትን መስመር አሳየችኝ።

ገጸ ባሕርይ ሲለወጥ ዓይነቱ ይለወጣል?

በሶሺዮኒክስ አይለወጥም። ሰው ያድጋል፣ ይሰበራል፣ ይማራል፤ መሪው ቦታ ግን ያው ነው። በታሪኩ መሀል ገጸ ባሕርዩ የተለወጠ ከመሰላችሁ ሁለት ነገር ፈትሹ። መጀመሪያውኑ ተሳስታችሁ ይሆናል። ወይም ከአጠገቡ ካለው ሰው የተራበውን ጠግቦ ይሆናል።

ሁለተኛውን ለማየት የዶን ኪሆቴን መጨረሻ አንብቡ። ሽማግሌው አልጋ ላይ ነው። ልቦናው ተመልሷል፤ ፈረሰኛ ነኝ ማለቱን ትቷል፣ እየሞተ ነው። ወፍጮዎቹን ወፍጮ ያለው፣ በየመንገዱ ስለ ምሳ ያስታወሰው ሳንቾ አጠገቡ ሆኖ ያለቅሳል። እንዳይሞት ይለምነዋል። ተነስ ይለዋል፣ እንደተነጋገርነው እረኛ መስለን ወደ ሜዳ እንውጣ፤ ማን ያውቃል፣ ከአንዱ ቁጥቋጦ ጀርባ ዱልሲኒያን እናገኛት ይሆናል።